በ37 ዓመቱ የወጣ የመጀመሪያ አልበም፦ የአንድ የናሽቪል ዘፈን ደራሲ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ስለ መጀመሪያ አልበም ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ታሪክ ይጠቀሳል። ሰውየው ለዓመታት ለሌሎች ዘፋኞች ግጥምና ዜማ ሲሠራ ኖሯል። የራሱን አልበም ያወጣው በ37 ዓመቱ ነው። አልበሙ ወጣ፣ መጠነኛ ሽያጭ አገኘ፣ ከሽያጭ ሰንጠረዡ ወረደ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ማታ በቴሌቪዥን ዘፈነና አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ «አንድ ሌሊት ነው ሕይወቱን የቀየረው» እየተባለ ይወራል።

እኔ ይህን አባባል ግማሹን ነው የምቀበለው። የዚያ ማታ ነገር ሲፈታ ውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንዱ ዓመታት የፈጀ፣ ሌላው ደቂቃዎች የፈጀ። ጀማሪ ዘፋኞች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው፦ «የሆነ ትልቅ ሰው መድረክ ላይ ቢያወጣኝ በቃ»። እሱ ደግሞ ከሁሉም የማይደገመው ክፍል ነው።

በጉዳይ ጥናት ልማድ የሰዎቹን ስም አልጠራም። ለካንትሪ ሙዚቃ (ማዕከሉ ናሽቪል ለሆነው የአሜሪካ የገጠር ዘፈን) ቅርብ የሆነ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል፤ ያላወቀም የአልበሙን ስም ይዞ ቢፈልግ ያገኘዋል። አልበሙ «ትራቭለር» ይባላል፣ የወጣው ሜይ 5 ቀን 2015 ነው። ዓመቶቹ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው

ዘፋኙ የኬንታኪ ልጅ ነው። ያደገበት የክፍለ ግዛቱ ምሥራቅ የድንጋይ ከሰል አገር ነው፤ አባቱም በዚሁ የማዕድን ሥራ ኖረዋል። ልጁ ምሕንድስና ሊማር ናሽቪል ወደሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ግን አልጨረሰም። በ2001 ዘፈን እየጻፈ ሊኖር ወደ ናሽቪል ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ የዘፈን መብት ከሚያስተዳድር ድርጅት ጋር ተፈራረመ።

«ዘፈን እየጻፈ ሊኖር» የሚለው ለኛ ሰው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ናሽቪል ውስጥ ዘፈን መጻፍ የቢሮ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ደራሲዎች ጠዋት በቀጠሮ ይገናኛሉ፣ ጊታር ይዘው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከሰዓት ላይ አንድ ዘፈን ይዘው ይወጣሉ። ነገ ከሌላ ሰው ጋር እንደዚያው። የመብት ድርጅቱ ለደራሲው በየጊዜው መተዳደሪያ ይሰጠዋል፣ የሰጠውን ደግሞ ወደፊት ከሚመጣው ሮያሊቲ (ዘፈኑ በተሸጠና በተሰማ ቁጥር ለደራሲው ከሚከፈለው) ላይ ይቆርጣል። ዘፈኑ በዴሞ፣ ማለትም በናሙና ቅጂ ይቀረጻል፣ ዴሞው ለዘፋኞችና ቀረጻ ለሚመሩት ፕሮዲውሰሮች ይዞራል፣ አንዱ ከወደደው ይዘፍነዋል። አብዛኛው ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ገንዘቡ እንዲህ ነው የሚሰላው። በወቅቱ ሕጉ ለአንድ ዘፈን በአንድ የተሸጠ ቅጂ 9.1 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ዘፈኑን ሁለት ሰዎች ከጻፉት ይካፈሉታል፤ ከየድርሻቸው ላይ የመብት ድርጅቱ ግማሹን ቢወስድ ለአንዱ ደራሲ 2.3 ሳንቲም ገደማ ይደርሰዋል። መቶ ሺህ ቅጂ ቢሸጥ ወደ 2,300 ዶላር ማለት ነው። ይሄ ቤት አያቆምም። ዋናው ብር ያለው ሬዲዮ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ኤፍኤምና ኤኤም ሬዲዮ ለዘፈኑ ደራሲ ይከፍላል፣ ለዘፋኙ ግን አይከፍልም። በትክክል አንብባችኋል፣ ለዘፋኙ አይከፍልም። ስለዚህ በሌላ ሰው ድምፅ ሬዲዮ ላይ ሲሮጥ የሚውል ዘፈን የጻፈ ሰው፣ መንገድ ላይ ማንም ሳይለየው በደንብ መኖር ይችላል።

ይህ ሰው እንደዚያ ነበር የኖረው። ከ2006 ጀምሮ የጻፋቸው ዘፈኖች በታላላቅ የካንትሪ ዘፋኞች ተዘፍነው አንደኛ ወጥተዋል፤ በ2007 አንዱ ለአምስት ሳምንት አንደኝነቱን አልለቀቀም። ጎን ለጎን በአንድ የብሉግራስ (ባንጆና ፊድል የሚበዛበት የቆየ የካንትሪ ዓይነት) ባንድ ውስጥ ዋና ድምፃዊ ሆኖ ሁለት አልበም ሠርቷል። ባንዱ ለግራሚ ታጭቷል፤ አንዱን ዘፈናቸውንም አንዲት ስመ ጥር እንግሊዛዊት ዘፋኝ መልሳ ዘፍናዋለች። በ2010 ከዚያ ወጣና ጮክ ያለ የሮክ ባንድ አቋቋመ። ማለትም ሰውየው «ያልታወቀ» የሚባለው በሕዝብ ዘንድ ብቻ ነው። በሙያው ሰፈር ድምፁን የማያውቅ አልነበረም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እፈልጋታለሁ።

ችግሩ

ከአንድ ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ የናሽቪል ቅርንጫፍ ጋር በብቸኛ ዘፋኝነት ውል ነበረው። በ2013 የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው ወጣ። በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ 46ኛ ላይ ደረሰና ቆመ። ከዘፈኑ ጋር ሊወጣ የታሰበው አልበምም ተቀርጾ እያለ ሳይወጣ ቀረ።

ለምን ቀረ? እዚህ ላይ የካንትሪ ሬዲዮን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ አሳታሚ አዲስ ዘፋኝ ሲያስተዋውቅ ሥራውን የሚጀምረው ከነጠላ ዜማ ነው። የማስተዋወቂያ ሠራተኞች ዘፈኑን ይዘው ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራሉ፣ ዘፋኙም አብሮ እየዞረ በየጣቢያው ስብሰባ ክፍል ጊታሩን ይዞ ይዘፍናል። ጥቂት ጣቢያዎች ይቀበሉታል፣ ሌሎቹ እነሱን አይተው ይከተላሉ። ዘፈኑ ቀስ እያለ ለወራት ሰንጠረዡን ይወጣል። ላይ ከደረሰ አልበሙ ይለቀቃል። መሃል ላይ ከቆመ አሳታሚው ሌላ ነጠላ ዜማ ይሞክራል፣ ወይም ዘፋኙን ያሰናብታል። በዚህ ቅደም ተከተል የአልበሙ ዕጣ በአንድ ዘፈን ላይ ይወድቃል። ዘፈኑን የሚመርጡትም «ሬዲዮው ምን ይቀበላል» ብለው ነው።

በ2013 ሬዲዮው የሚቀበለው ደግሞ ፒክአፕ መኪና፣ ቀዝቃዛ ቢራ፣ የዓርብ ማታ ጭፈራ ነበር። በኮምፒውተር የተስተካከለ ድራም፣ ከሂፕ ሆፕ የተዋሰ ምት፣ ጎረምሳ ድምፅ። የኛ ሰውዬ ፂሙ ደረቱ ጋ የደረሰ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ የሚዘፍን፣ ድምፁ ውስጥ ሶልና ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን፣ የሚሰማበት ጎልማሳ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ነበር።

እንደኔ እይታ ግን ችግሩ ዘፈኑ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ዘፈኑ ደህና ነው። ችግሩ ዘፈኑ ብቻውን መውጣቱ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሌላ ምን እንዳለው የሚያሳይ ምንም ነገር ከጀርባው አልነበረም። አድማጩ ቢወደው እንኳ ቀጥሎ የሚሄድበት የለም። ሦስት ደቂቃ ሰምቶ ያልፋል።

በዚያው ወቅት፣ ኦክቶበር 2013፣ አባቱ ሞቱ።

ምን ተደረገ

ከዚህ በኋላ የሆነው ዕቅድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሚስቱ አንድ የ1979 ጂፕ ቸሮኪ ኢንተርኔት ላይ አይታ ገዛችለት። መኪናው ፊኒክስ፣ አሪዞና ነበር። ሁለቱ በአውሮፕላን ሄደው መኪናውን እየነዱ ወደ ናሽቪል ተመለሱ፤ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እየነዱ ሳለ የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን መጣለት። ሚስቱም ራሷ ዘፋኝና ደራሲ ናት፤ በኋላ አልበሙ ላይ ተቀባይ ሆና የምትሰማው እሷ ናት። ይህ ጉዞ በየቃለ መጠይቁ ስለሚነሳ እኔ አልደግመውም፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘፈኑ የተጻፈው በቀጠሮ፣ ለሌላ ዘፋኝ ታስቦ አልነበረም።

ከዚያ የመጣው የመጀመሪያ ትልቅ ውሳኔ የፕሮዲውሰር ምርጫ ነው። ዘፋኙ በ2014 የወጣ የአንድ ሌላ የኬንታኪ ልጅ አልበም ሰማ፤ ድምፁ ያረጀ የመሰለ፣ ግን ሙዚየም ሙዚየም የማይሸት። ያንን የሠራውን ፕሮዲውሰር ፈልጎ አገኘው። ፕሮዲውሰሩ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ የሚታወቀው ሙዚቀኞችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አብረው እያስጫወተ በመቅረጽ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው ናሽቪል ውስጥ አርሲኤ ስቱዲዮ ኤ በሚባለው ቤት ነው። በ1965 የተከፈተ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ፣ ጣራው ከፍ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። በ2014 አንድ ባለሀብት አፍርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት አስቦ ነበርና የከተማው ሙዚቀኞች ተነስተው ጮኹ፤ በመጨረሻም ቅርስ የሚቆረቆር ሰው ገዝቶ አተረፈው። እንዲህ ያለ ክፍል ድምፅን ይለውጠዋል። ድራሙ ሲመታ ግድግዳው መልስ ይሰጣል። ድራሙ የዘፋኙ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ዘፋኙም የድራሙ ማይክ ውስጥ። ስለዚህ አንዱ ሲሳሳት ያንን ብቻ ቆርጦ መጠገን አይቻልም፤ ሁሉም እንደገና ይጫወታል፣ ወይም ስህተቱ ይቀመጣል። አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት ምቱ ትንሽ ሲፈጥን፣ ትንሽ ሲዘገይ ይታወቃችኋል። እኔ ከምወድለት ነገር አንዱ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ባንዱ ነው። ቤዝና ድራም የሚጫወቱት ከዘፋኙ ጋር መድረክ ላይ የቆዩ ናቸው። በእነሱ ላይ ስቲል ጊታርና ሃርሞኒካ የሚጫወቱ ሁለት አንጋፋዎች ተጨመሩ። ሊድ ጊታሩን ዘፋኙ ራሱ ይዞታል። ቡድኑ ትንሽ ነው። ለየዘፈኑ አዲስ ሙዚቀኛ መጥራት የለም።

አራተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የዘፈን ምርጫው ነው። በመሳቢያው ውስጥ ባለፉት ዓመታት የጻፋቸው የትየለሌ ዘፈኖች ነበሩ። አልበሙ ላይ 14 ገቡ። ከነሱ 12ቱን እሱ ጽፏቸዋል ወይም ከሌላ ጋር ጽፏቸዋል። ሁለቱ የሌላ ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ አልበም፣ ያውም በደራሲነቱ ለሚታወቅ ሰው፣ ይሄ ድፍረት ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ስለ ቴነሲ ውስኪ የሚያወራው የቆየ ዘፈን ነው። በ1981 አንዱ ዘፍኖት፣ በ1983 ሌላ አንጋፋ መልሶ ዘፍኖት በካንትሪ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደርሶ ነበር። ሁለቱም የዘፈኑት ለስ ባለ የካንትሪ ምት ነው። የኛ ሰውዬ ባንድ ግን አንድ ቀን ከኮንሰርት በፊት መሣሪያ ሲሞክር ዝግ ያለ የሶል ምት ይዞ ዝም ብሎ ይጫወት ነበር፤ እሱም በላዩ ላይ ይህን ግጥም መዝፈን ጀመረ። ገጠመ። አልበሙ ላይም በዚያው መልክ ገባ። ዛሬ በአሜሪካ ዳይመንድ የሚባለውን፣ ማለትም የ10 ሚሊዮን ማረጋገጫ ያለፈው ዘፈን እሱ ነው። ለሬዲዮ መክፈቻ ተብሎ የተላከው ግን እሱ አልነበረም። እሱን ኋላ እናየዋለን።

የአሳታሚውም ድርሻ መነገር አለበት። የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ 46ኛ ላይ ሲቆም ውሉን ማቋረጥ ይችሉ ነበር። አላቋረጡም። ከአንድ ሬዲዮ የማይወደው ዘፋኝና ከአንድ ሬዲዮ የማያውቀው ፕሮዲውሰር የመጣ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም አልበም ተቀብለው አሳተሙ። አሳታሚ መውቀስ ቀላል ስለሆነ ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሲወጣ ምን ሆነ

በመጀመሪያው ሳምንት 27,000 ቅጂ ገደማ ተሸጠ። የአሜሪካን የሙዚቃ ሰንጠረዥ በሚያወጣው በቢልቦርድ አጠቃላይ የአልበም ሰንጠረዥ 14ኛ፣ በካንትሪ አልበም ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ለአዲስ ስም ጥሩ ጅማሬ ነው። ሐያሲዎች ወደዱት። መጠሪያው የሆነው ነጠላ ዜማ ግን ሬዲዮ ላይ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሳምንታት ሲያልፉ አልበሙ ከትልቁ ሰንጠረዥ ወጣ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጉዳዩ ቢዘጋ ኖሮ «በሙያተኞች የተወደደ፣ በሕዝብ ያልተሰማ ጥሩ አልበም» ተብሎ በተመዘገበ ነበር። እንደዚህ ዓይነት አልበም በየአገሩ ሞልቷል።

ኖቬምበር 4፣ 2015

የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ዓመታዊ ሽልማት ናሽቪል ብሪጅስቶን አዳራሽ ውስጥ ተካሄደ፣ በቀጥታም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ዘፋኙ በሦስት ዘርፍ ታጭቶ ነበር፦ የዓመቱ አዲስ አርቲስት፣ የዓመቱ ወንድ ድምፃዊ፣ የዓመቱ አልበም። ሦስቱንም ወሰደ። በዚያው ማታ ከአንድ ዓለም አቀፍ የፖፕ ኮከብ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ኮከቡ ራሱ የቴነሲ ልጅ ነው፣ የሜምፊስ። ያንን የውስኪ ዘፈንና አንድ የኮከቡን ዘፈን አያይዘው ስምንት ደቂቃ ገደማ ተጫወቱ። አዳራሹ ቆመ። አልበሙ በዚያው ሌሊት በኢንተርኔት መሸጫ አንደኛ ሆነ፤ ሳምንቱ ሲቆጠር 177,000 አሃድ (ሙሉ አልበም ሽያጭ፣ የነጠላ ዘፈን ሽያጭና የኢንተርኔት ማዳመጥ ተደምሮ) ተመዘገበ፣ ከዚህ ውስጥ 153,000 የሚሆነው በሙሉ አልበምነት የተሸጠ ነው። ከሰንጠረዡ ወጥቶ የነበረው አልበም በአንደኝነት ተመልሶ ገባ፣ ለሁለት ሳምንትም እዚያው ቆየ። በፌብሩዋሪ 2016 ሁለት ግራሚ ጨመረበት፤ አንዱ የካንትሪ አልበም ሽልማት ነው።

አሁን ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር። ሰዎች ሽልማቱንና ስምንቱን ደቂቃ አንድ አድርገው ነው የሚያወሩት። አንድ አይደሉም። የማኅበሩ ድምፅ ሰጪዎች የሙያው ሰዎች ናቸው፦ ደራሲዎች፣ ሙዚቀኞች፣ የስቱዲዮ ሰዎች፣ የአሳታሚ ሠራተኞች፣ የሬዲዮ ሰዎች። ድምፁም የሚሰጠው ከዝግጅቱ ቀድሞ ነው። ያን ማታ መድረክ ላይ የሆነው ነገር በሽልማቱ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። ሦስቱን ሽልማት ያመጣው ከ2001 ጀምሮ በየክፍሉ አብረውት የጻፉ፣ ዴሞውን የሰሙ፣ ዘፈኑን ወስደው የዘፈኑ፣ መድረክ ላይ ያዩት ሰዎች ናቸው። ሰውየውን ያውቁታል፤ አልበሙ ደግሞ «ይሄ ነው እሱ» የሚያሰኝ ማስረጃ ሆኖ መጣላቸው።

ስምንቱ ደቂቃ ያመጣው ሽያጩን ነው። ሽያጩም ቢሆን የሆነው አንድ የማይታይ ነገር ተሟልቶ ስለጠበቀ ነው። በዚያች ሌሊት «ማነው ይሄ ሰውዬ?» ብሎ ስልኩን ያነሳ ሰው ያገኘው አንድ ነጠላ ዜማ ቢሆን ኖሮ ያንን አውርዶ ይተኛ ነበር። ያገኘው ግን 14 ዘፈን ነው፣ ያውም መድረክ ላይ ከሰማው ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ያለው። መድረኩ ላይ ባንዱ ላይቭ ተጫወተ፤ አልበሙም አብረው እየተጫወቱ የተቀረጸ ነው። ገዝቶ ሲሰማው አልተታለለም። በ2013 ይህ ሰው በዚያው መድረክ ላይ ወጥቶ በዚያው ልክ ቢዘፍን ኖሮስ? ጭብጨባው ያው ይሆን ነበር። የሚገዛ አልበም ግን አልነበረም።

ያልሠራው

ሬዲዮው በመጀመሪያ አልሠራም። በኋላ ከአልበሙ ሌላ ዘፈን ተልኮ በ2016 የካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ አሥሮቹ ውስጥ ገባ፤ ያ ግን ሽልማቱን ተከትሎ የመጣ ነው። ሬዲዮው መሪ ሳይሆን ተከታይ ሆነ።

የነጠላ ዜማው ምርጫም ያከራክራል። መጠሪያው የሆነው ዘፈን አልበሙን በደንብ ይወክላል፣ ለማያውቀው አድማጭ ግን ጆሮ የሚይዝ አይደለም። ቀርበው ሲሰሙት ነው የሚጥም። ያንን የውስኪ ዘፈን መጀመሪያ ቢልኩትስ የሚል ሰው አለ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለአዲስ ደራሲ ዘፋኝ የሌላ ሰው ዘፈን መታወቂያ ሲሆንበት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ደግሞም ከጊዜ በኋላ ሲያዩት ሁሉም ምርጫ ግልጽ ይመስላል።

አልበሙም ረዝሟል። መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ዝግ ያሉ ዘፈኖች ተከታትለው ይመጣሉና ትኩረት ይበትናሉ። 11 ዘፈን ቢሆን የበለጠ ይጠነክር ነበር ባይ ነኝ። አድናቂዎቹ በዚህ ይጣሉኛል፤ ይጣሉኝ።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

መጀመሪያ የማይወሰደውን ላስቀምጥ። የሽልማቱ መድረክና የፖፕ ኮከቡ አይወሰዱም። ማንም በዕቅዱ ውስጥ ሊጽፋቸው አይችልም። ሁለተኛው የማይወሰድ ነገር የገቢው መሠረት ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሰውየው በ2013 ሲወድቅ አልተራበም። ሌሎች የሚዘፍኑለት ዘፈኖቹ ሬዲዮ ላይ እየሮጡ ይከፍሉት ነበር። በትዕግሥት የጠበቀው ትዕግሥተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መጠበቅ ስለቻለም ነው።

እኛ ጋ ይሄ የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ አለ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996ና ማሻሻያው 872/2007 የደራሲን መብት ያውቃሉ፣ ማሻሻያው ሮያሊቲ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖርም መንገድ ከፍቷል። በተግባር ግን የግጥምና የዜማ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ነው። ዘፈኑ ለሃያ ዓመት በየሠርጉ ቢጨፈርበት እሱ ጋ የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ አንዱን የኛን ዜማ ደራሲ «አንተም እንደ ናሽቪሉ ሰውዬ ጠብቅ» ማለት ቀልድ ነው። ምን በልቶ ይጠብቅ?

የሚወሰደው ግን አለ።

አንደኛው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ጀማሪ ዘፋኝ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል፦ አንድ ነጠላ ዜማ፣ አንድ ቪዲዮ ክሊፕ፣ ዩቲዩብ፣ እይታ መቁጠር። በደንብ ካልሄደ ሌላ ነጠላ ዜማ፣ በሌላ አቀናባሪ፣ በሌላ ስልት። ከአምስት ነጠላ ዜማ በኋላ አድማጩ አምስት የተለያዩ ሰዎችን ሰምቷል። ክሊፑን አትሥሩ አልልም፤ አልበም ውድ ነው፣ ብሩም ከሰማይ አይወርድም። ግን አንዱ ዘፈን ድንገት ቢፈነዳ ያ ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው ምንድን ነው? አራት የሚመሳሰሉ ዘፈኖች እንኳ ተዘጋጅተው ቢጠብቁት ለውጥ አለው።

ሁለተኛው አብሮ መጫወት ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ሥራ ከአቀናባሪው ኪቦርድ ይጀምራል፤ ድምፃዊው መጨረሻ ላይ ብቻውን ገብቶ ድምፁን ያስቀምጣል፣ ጊታሩም ሳክስፎኑም በየተራ በላዩ ይጨመራሉ። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ለአንዳንድ ዘፈንም ይስማማል። ግን በምሽት ክበብ ለዓመታት አብረው የተጫወቱ ሙዚቀኞች ያሉት ዘፋኝ፣ ያ ባንድ ያለውን ነገር ስቱዲዮ በር ላይ ጥሎት የሚገባው ለምንድን ነው? በሸክላ ዘመን የወጡት ሥራዎቻችን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተጫወተ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተደግመው የተቀረጹ ናቸው። የአዲስ አበባው የሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ በ1969 ሲጀምር ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ዛሬም ዓለም የሚፈልጋቸው እነሱን ነው። ወጪው ቢያስፈራ ልምምዱን ክበብ ውስጥ ጨርሶ ለሁለት ቀን ብቻ ስቱዲዮ መከራየት ይቻላል። ያልተለማመደ ባንድ ነው ስቱዲዮ ውስጥ ብር የሚበላው።

ሦስተኛው የሙያ ባልደረቦች ነገር ነው። ሦስቱን ሽልማት ያመጡት እነሱ ናቸው ብያለሁ። ይሄ ለሽልማት ሲባል ሰው ማስደሰት አይደለም። ለሌላው ጥሩ ዘፈን የሰጠ፣ በሌላው ቀረጻ ላይ በሰዓቱ የተገኘ ሰው የራሱ ሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዳምጡለት እነሱ ናቸው። እኛ ጋ ደራሲና ድምፃዊ በክፍያ ተጣልተው ለዓመታት የማይነጋገሩበት ጊዜ አለና በጽሑፍ የተፈረመ ውል እዚህ ላይ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር። ለፋሲካ ይድረስ፣ ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ተብሎ የሚጣደፍ አልበም ሁልጊዜ አለ። የበዓል ገበያ እውነተኛ ገበያ ነው፣ መናቅ አይገባም። ትራቭለር ግን በየትኛውም በዓል አልወጣም፤ ሲወጣም አገር አልነቃነቀም። ስድስት ወር ሙሉ ሳይቀያየር በመሸጫው ላይ ቆየ፤ በኖቬምበር የተገዛው ያው በሜይ የወጣው ነው።

የቀጣዩ ሥራ ነገር ይቀራል። ከእንዲህ ዓይነት ድል በኋላ ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ትልልቅ ፕሮዲውሰር፣ ብዙ እንግዳ፣ ብዙ ስቱዲዮ ይጠራሉ። ይህ ሰው በ2017 ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ ያው ፕሮዲውሰር፣ ያው ስቱዲዮ ኤ ነበር። ሚስቱም እዚያው ተቀባይ። የአልበሙ ርዕስ ራሱ ከስቱዲዮው ስም የተወሰደ ነው። በቢልቦርድ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፣ በዚህ ጊዜ ግን በመጀመሪያው ሳምንት።